እጅ የማይሰበሰብበት ሙዚየም

ልጅ ሙዚየም ሲገባ ቀድሞ የሚሰማው «እጅህን ሰብስብ!» የሚለውን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ፒየር 15 በሚባለው የቀድሞ ወደብ ላይ በሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም ግን እጁን የሰበሰበ ልጅ ብዙም ሳያይ ይወጣል። እዚያ ካሉት ከ600 በላይ ማሳያዎች አብዛኞቹ ካልተገፉ፣ ካልተሽከረከሩ ወይም ካልተጎተቱ ነገራቸው አይገለጥም።

መሥራቹ የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው፤ የአቶሚክ ቦምቡን ምርምር የመራው የሮበርት ታናሽ ወንድም። እ.ኤ.አ. በ1949 ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበር ሲታወቅ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቀቀ፤ ሌሎችም በራቸውን ዘጉበት። ኮሎራዶ ገብቶ ከብት ማርባት ያዘ። ቆይቶ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳይንስ አስተማረ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመለስም ተማሪዎች በፈለጉት ሰዓት እየገቡ በራሳቸው ፍጥነት የሚሞክሩት «የሙከራ ቤተ መጻሕፍት» አደራጀ። ኤክስፕሎራቶሪየም ከዚህ ሐሳብ ተወልዶ በ1969 ተከፈተ፤ አሁን ወዳለበት ወደብ የተዛወረው በ2013 ነው።

ሐሳቡ በደንብ የሚገባው አንዱ ማሳያ ፊት ሲቆሙ ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች ያበራሉ። ሦስቱ ሲደራረቡ ግድግዳው ነጭ ይመስላል። ልጁ መሐል ገብቶ እጁን ሲዘረጋ ግን ባለ ቀለም ጥላዎች ይወድቃሉ። እያንዳንዱ መብራት የራሱን ጥላ ስለሚጥል፣ ሰማያዊው በተጋረደበት ቦታ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ይደርሳሉ፤ ሁለቱ ብርሃኖች ሲቀላቀሉም ቢጫ ይሆናሉ። በውሃ ቀለም ሁለቱን ቀላቅሎ ቡናማ ሲወጣው ያየ ልጅ «አይሆንም!» ብሎ ይከራከራል። ጥቁር ጥላ የሚገኘው ሦስቱም መብራቶች በተጋረዱበት ቦታ ብቻ ነው።

ሌላው ማሳያ ወላጆችንም ይፈትናል። የሽንት ቤት መቀመጫ ነው፤ ግን ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም፣ የሚፈልቀውም ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው። ጎንበስ ብሎ መጠጣት ይቻላል። ውሃው ንጹሕ መሆኑን አእምሮ እያወቀ ጉሮሮ እምቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ልጆች ቀድመው ሲጠጡ አዋቂዎች ፊታቸውን አጨማደው ይቆማሉ።

ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ወጣት አስረጂዎች በየአዳራሹ ይዘዋወራሉ፤ ከመካከላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ። የላም ዓይን ከፍተው ሌንሱን ሲያወጡ ከበው የሚያዩት ሕፃናት ብዙ ናቸው። ማሳያዎቹ የሚሠሩበትና የሚጠገኑበት ወርክሾፕም በጎብኚ ፊት ያለ ነው፤ ብየዳውና መጋዙም የትርኢቱ አካል ናቸው።

ከኦክላንድ ለሚነሱ የሐበሻ ቤተሰቦች ጉዞው ቀላል ነው፦ ባርት ባቡር ይዞ ባሕሩን ሥር ለሥር ተሻግሮ ኢምባርካዴሮ ጣቢያ መውረድ፣ ከዚያ በባሕሩ ዳር ጥቂት በእግር መሄድ። «ሁሉንም እንይ» ብሎ መሯሯጥ ግን ቀኑን ያበላሸዋል። ልጁ አንድ ማሳያ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ይቆይ። ወላጅም ፊዚክስን በጥቁር ሰሌዳ ስለተማረ ብቻ መልሱን ለማስረዳት አይቸኩል፤ «አንዱን መብራት ብንሸፍነው ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቁ ይበልጣል። ልጁ ተሳስቶ ቢገምት ማርክ የሚቀንስበት የለም፤ ግድግዳው ራሱ ያርመዋል።

ሙዚየሙ ማሳያዎቹን እንደ ምስጢር አልያዛቸውም። ከ1975 ጀምሮ አሠራራቸውን በመጽሐፍ እያሳተመ ስለሚያወጣ የሌሎች አገሮች ሙዚየሞች ቀድተው ሠርተዋቸዋል። የጥላው ሙከራ እንዲያውም ሙዚየም አያስፈልገውም፤ ሦስት ባለ ቀለም አምፖልና ነጭ ግድግዳ ያለው ሳሎን ይበቃዋል።