በ1.35 ዶላር የተተመነ ሣር

ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ ደርኪ በተባለች መንደር አቅራቢያ መብረቅ ወደቀ። የለኮሰው እሳት 119 ሺህ ሄክታር ገደማ በልቶ አለፈ፤ አብዛኛው የግጦሽ መሬት ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ቀድሞ የሚጠየቀው የሞቱት ከብቶች ቁጥር ነው። አርቢውን ለዓመታት የሚያስጨንቁት ግን የተረፉት ናቸው። ለሞተ ከብት የፌዴራሉ መንግሥት የገበያ ዋጋውን 75 በመቶ ይከፍላል። የተረፈው ዛሬውኑ መብላት አለበት። ጡቷ የተቃጠለ ላም ደግሞ ብትተርፍም ጥጃዋን አታጠባም።

በዚያ አካባቢ ሰፊው ግጦሽ የመንግሥት ነው። አርቢው በፈቃድ ከብቱን ያሰማራል፤ በዚያ ዓመት ለአንዲት ላምና ለጥጃዋ የሚከፍለው በወር 1.35 ዶላር ነበር። የተቃጠለ መሬት ግን እንዲያገግም ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት የዕድገት ወቅቶች ይዘጋል። መዘጋቱ ተገቢ ነው። ቶሎ ከተጋጠ ቺትግራስ የተባለው መጤ ሣር ቦታውን ይይዛል፤ እሱ ደግሞ ቀድሞ ስለሚደርቅ ለሚቀጥለው መብረቅ ማገዶ ይሆናል።

ችግሩ የሁለቱ ዓመት ወጪ ነው። በምዕራብ ግዛቶች የግል ግጦሽ ኪራይ ለአንድ ከብት በወር በአማካይ ከ20 ዶላር በላይ ነው። ድርቆሽ ልግዛ ቢል ጎረቤቱም ሁሉ በዚያው ሳምንት ድርቆሽ ፈላጊ ነው። መንግሥት ከመኖ ወጪው ግማሹን ቢደጉምም ከ180 ቀን አያልፍም። በስፋት የሚሸጠው የግጦሽ መድንም የሚለካው በዝናብ ነው፤ ዝናቡ ካላነሰ፣ ሣሩ አመድ ቢሆንም አይከፍልም። በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረው መድን የሣሩን ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ በዚህ ረገድ የቦረናው አሠራር ለአርቢው ችግር ይቀርባል።

የሚቀረው መሸጥ ነው። በ2016 አጋማሽ የአሜሪካ የቀንድ ከብት ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው፣ 87 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር የሸጠ ጥሩ ዋጋ ያገኛል። መሬቱ ሲከፈት ግን መልሶ የሚገዛው በዚያው ውድ ገበያ ነው። ጊደር አሳድጌ ልተካ ካለም የመጀመሪያውን ጥጃ ለማየት ሁለት ዓመት ግድም ይጠብቃል፤ እስከዚያ ገቢ የለም፣ የባንክ ዕዳው ግን አይቆምም።

መሬቱን ለሁለት ወቅት የሚዘጋው መንግሥት ነው፤ ስለዚህ ድጎማውን በ180 ቀን መገደቡ ፍትሐዊ አይደለም። ክፍያው መሬቱ ተዘግቶ እስከቆየበት ቀን ድረስ ሊዘልቅ ይገባል።