የፕላስቲክ ሌንስ መልክ በዲጂታል ጥቁርና ነጭ ፎቶ

መሃሉ ለስለስ ብሎ የጠራ፣ ጠርዙ የደበዘዘ፣ ማዕዘኖቹ የጨለሙ ካሬ ፎቶ ዛሬ በዲጂታል ፎቶግራፍ ውስጥ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ውድ ካሜራ የያዙ ባለሙያዎች ሳይቀሩ የርካሽ መጫወቻ ካሜራን መልክ ለማምጣት ኮምፒውተር ፊት ሰዓታት ይቀመጣሉ። ድካማቸው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ፍሬ የሚያፈራው ግን መልኩ ከየት እንደመጣ ላወቀ ሰው ነው።

የርካሽ ካሜራ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የኮዳክ ብራውኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በአንድ ዶላር ለገበያ ሲቀርብ ነጠላ ሌንስ የተገጠመለት የካርቶን ሳጥን ነበር። በ1960ዎቹ ሆንግ ኮንግ፣ ካውሉን ውስጥ ግሬት ዎል የተባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሌንሷም ጭምር ፕላስቲክ የሆነች ዲያና የተባለች ካሜራ አመረተ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እዚያው ሆንግ ኮንግ ሆልጋ ተወለደች። የታሰበችው ለቻይና ቤተሰቦች የዕለት ተዕለት ፎቶ ማንሻ እንድትሆን ነበር፤ የምትጎርሰውም እዚያ በቀላሉ ይገኝ የነበረውን 120 ፊልም ነው።

እነዚህን ካሜራዎች ወደ ጥበብ ያመጧቸው ሰዎች ናቸው። አሜሪካዊቷ ናንሲ ሬክስሮዝ በ1970ዎቹ ዲያናዋን ይዛ የኦሃዮን መንደሮች ዞረች፤ በ1977 ያሳተመችውን መጽሐፍ ግን በልጅነቷ ዘመዶቿን ልትጠይቅ በምትሄድበት ግዛት ስም «አይዋ» አለችው። ሌንሱ የቦታውን ዝርዝር ስለሸፈነው ኦሃዮ የሌላ ቦታ ትዝታ መሸከም ቻለ። በዚህ ዘርፍ ከዚህ መጽሐፍ የሚበልጥብኝ ሥራ የለም። የዜና ፎቶግራፈሩ ዴቪድ በርኔትም በ2000 የአል ጎርን የምርጫ ዘመቻ በሆልጋ አንስቶ ተሸልሟል።

መልኩን የሚሠራው ምንድን ነው? ነጠላ ሌንስ ምስሉን የሚጥለው እንደ ጎድጓዳ ሳህን በታጠፈ ገጽ ላይ ነው፤ ፊልሙ ግን ጠፍጣፋ ነው። መሃሉ ሲጠራ ጠርዙ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ወደ ማዕዘን በሰያፍ የሚሄደው ብርሃን ስለሚሳሳ ጥጋጥጉ ይጨልማል። የካሜራው ጀርባ በደንብ ስለማይገጥምም ብርሃን ሾልኮ ይገባል፤ የሆልጋ ባለቤቶች መጋጠሚያውን በጥቁር ፕላስተር የሚያሽጉት ወደው አይደለም።

የስልክ መተግበሪያዎቹ ሂፕስታማቲክ በ2009 መጨረሻ፣ ኢንስታግራም በ2010 ሲመጡ ይህ ሁሉ በአንድ ንክኪ የሚገኝ ሆነ። ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ነው። በእውነተኛው ካሜራ የብርሃኑ ፍሳሽ ከፀሐይዋ አቅጣጫ ጋር ይለዋወጣል፤ የተዘጋጀ ፊልተር ግን ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም ያንኑ ይለጥፋል። ብርቱካናማው ፍሳሽ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ደግሞ አመድማ እድፍ ሆኖ ይቀራል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሾለከ ብርሃን ነጭ ጉም ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለውን ምስል ማፍካት አለበት።

በፎቶሾፕም ሆነ በሌላ ፕሮግራም ሲሠራ ትልቁ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፤ ብርሃን በካሜራው ውስጥ ያለፈበትን መንገድ መከተል። ፎቶው በካሬ ተቆርጦ ወደ ጥቁርና ነጭ ከተቀየረ በኋላ የሌንሱ ሥራ ይቀድማል፦ ከመሃል ወደ ዳር እየጨመረ የሚሄድ ብዥታ፣ ቀጥሎም የማዕዘን ጥቁረት። መሃሉም ቢሆን ትንሽ መለስለስ አለበት፤ ፕላስቲክ ሌንስ ምላጭ የመሰለ ጥራት የለውም። ከዚያ የሾለከው ብርሃን ይጨመራል። የፊልሙ ቅንጣት ምንጊዜም የመጨረሻ ነው። ቅንጣቱ የፊልሙ እንጂ የሌንሱ ስላልሆነ፣ በደበዘዘው ጠርዝ ላይ እንኳ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ቅንጣቱን አስቀድሞ ብዥታውን ያስከተለ ሰው ዳር ዳሩ እንደ ጭቃ ይለሰንበታል፤ ሐሰተኛውን ሥራ ከሩቅ የሚያሳብቀው ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ የሆልጋን ሌንስ ነቅሎ በዲጂታል ካሜራ ላይ መግጠም ነው። ለስላሳውን ብርሃን በእርግጥ ይሰጣል። ይሁን እንጂ የ120 ፊልም ካሬ በእያንዳንዱ ጎኑ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ፣ የተለመደው ትልቅ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ሴንሰሩ የሚያየው የምስሉን መሃል ብቻ ስለሆነ፣ የምንፈልገው የጠርዙ ብዥታና ጥቁረት አብዛኛው ከውጭ ይቀራል፤ ዞሮ ዞሮ እሱን በኮምፒውተር መጨመር ግድ ነው።