ተማሪዎች በራሳቸው ምርጫ ስለሚያነቧቸው መጻሕፍት የሚደረግ ጭውውት

ተማሪ ሁለት ዓይነት ንባብ አለው። አንደኛው በመርሐ ትምህርት የታዘዘው ሲሆን፣ ሁለተኛው ማንም ሳያዘው ከጓደኛው ተውሶ ወይም ከቤተ መጻሕፍት መርጦ የሚያነበው ነው። የመጀመሪያው ፈተናው ሲያልፍ ሊያበቃ ይችላል። ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የንባብ ልማድ በይበልጥ የሚበቅለው ከሁለተኛው ነው። በመሆኑም መምህሩ ስለዚህ ንባብ ከተማሪው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ልማዱን ሊያጸናውም ሊያጠፋውም ይችላል።

1. ጭውውትና ፈተና

ተማሪው መጽሐፍ ይዞ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ጥያቄ የደራሲውን ስም፣ የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ወይም የታሪኩን ጭብጥ የሚመለከት ነው። እነዚህ ጥያቄዎች በራሳቸው ስሕተት የለባቸውም። ይሁን እንጂ ተማሪው ወዲያው የሚረዳው እየተፈተነ መሆኑን ነው። በማግሥቱ መጽሐፉን ከመምህሩ ዓይን ቢሰውር ሊያስደንቅ አይገባም።

እንግሊዛዊው ደራሲና መምህር ኤይደን ቼምበርስ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ «ለምን?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ንገረኝ» የሚለውን አቀራረብ መርጠዋል። መነሻ ጥያቄዎቻቸውም ልጁ የወደደውን፣ ያልወደደውን፣ ግራ ያጋባውንና ተደጋግሞ ወይም ተያይዞ ያገኘውን ነገር የሚመለከቱ ናቸው። አማርኛ ደግሞ «እስቲ አጫውተኝ» የሚል የራሱ ግብዣ አለው። ይህ አነጋገር ጠያቂው ሊያርም ሳይሆን ሊሰማ መቀመጡን ያስታውቃል።

2. መምህሩ ያላነበበው መጽሐፍ

አንዳንድ መምህራን ያላነበቡትን መጽሐፍ አንሥቶ መነጋገር ክብራቸውን የሚነካ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ ታሪኩን ባያውቅ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል፤ ተማሪውም ለአንድ አፍታ አዋቂ ሆኖ ይናገራል። ያነበበውን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ሲጥርም ታሪኩን በቅደም ተከተል ማዋቀርን፣ ዋናውን ከጥቃቅኑ መለየትን ይለማመዳል።

3. ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው

ተማሪው የመረጠው መጽሐፍ ለመምህሩ ተራ መስሎ ሊታየው ይችላል። ምርጫውን ማናናቅ ግን ተማሪው የተሻለ እንዲመርጥ አያደርገውም። ለምሳሌ ቀላል የፍቅር ታሪክ የምታነብን ተማሪ መምህርዋ ፍቅረኞቹን ምን እንደለያያቸው ቢጠይቃት፣ ውይይቱ በ1958 ዓ.ም. ወደ ታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሊያደርሳት ይችላል። በዚያ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የሚለያየው የአንድ ሰው ክፋት ብቻ ሳይሆን የትውልድና የማዕረግ ልዩነት ነው። ተማሪዋ ሁለተኛውን መጽሐፍ የምታነሣው ከመጀመሪያው ይዛው የመጣችው ጥያቄ ስላለ ነው።

4. ጊዜን ስለማብቃቃት

60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል በቀን ከሦስት ተማሪዎች ጋር ለጥቂት ደቂቃ መነጋገር ሁሉንም በ20 የትምህርት ቀናት ያዳርሳል። ለመዝገብም የመጽሐፉ ስምና ተማሪው የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ማርክ ግን ሊሰጥበት አይገባም፤ ማርክ የገባበት ጭውውት ተመልሶ ፈተና ይሆናልና። የመጽሐፍ እጥረት ባለበት ትምህርት ቤትም አንዱ ተማሪ ያነበበውን ለጓደኞቹ ቢያጫውት፣ አንዱ ቅጂ ብዙ አንባቢ ያፈራል።

በአጭሩ፣ የመርሐ ትምህርት አዘጋጆች ለዚህ ጭውውት በሳምንታዊው ክፍለ ጊዜ ስፍራ ቢተዉለት፣ መምህራንም ከመጠየቅ ይልቅ ማዳመጥን ቢያስቀድሙ፣ ተማሪው ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ንባቡን አብሮ ይዞት ይሄዳል።