አፋምቦን ከላይ ማን ያያታል? ስለ ሳተላይት የሚባለውና እውነታው

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድሩ ሲንቀጠቀጥ ሰነበተ። ከአዋሽ ሰባት ጀምሮ ቁልቁል ሰመራና አፋምቦ ድረስ ላለ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ያን ጊዜ ደጋግሞ ይነሳ የነበረ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሳተላይት ከላይ ሆና ሁሉን እያየች ለምን ቀድማ አልነገረችንም?»

ቁጣው ይገባኛል። ከጥያቄው ሥር ያለው እምነት ግን የተሳሳተ ነው። የአፋርን ምድር መንቀሳቀስ ከሚለኩት አንዷ፣ የአውሮፓዋ ሴንቲኔል-1፣ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ቁልቁል የምታፈጥ አይደለችም። 700 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ከዋልታ ዋልታ ትዞራለች፤ ወደ ቀድሞ መስመሯ የምትመለሰው በ12 ቀኑ ነው። ፎቶ አታነሳም፤ የራዳር ሞገድ ልካ የሚመለሰውን ትመዘግባለች፤ ስለዚህ ጨለማም ደመናም አያግዳትም። ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ሲነጻጸር መሬቱ ወደ ሳተላይቷ ቀርቦ ወይም ርቆ ከሆነ የቀለም ቀለበቶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቀለበት 2.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር ርቀት የጣት ስፋት የምታክል ለውጥ መያዝ ድንቅ ነው። የሚለካው ግን የተንቀሳቀሰው መሬት ብቻ ነው። ነገ በስንት ሰዓት እንደሚንቀጠቀጥ የሚናገር ሳተላይት በዓለም ላይ የለም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው ዳባሁ ላይ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ በዳባሁ አካባቢ ለሳምንታት መሬት ተናጠ፤ በወሩ 16ኛ ቀን፣ ልክ በደመራ ዕለት፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ አመድ ወጣ። ኤንቪሳት የተባለችው ሳተላይት ከዚያ በፊትና በኋላ የመዘገበችው ሲተያይ ጉዳዩ ከአንድ ስንጥቅ በጣም የሰፋ ሆኖ ተገኘ። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ፣ ግራና ቀኙን አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ገፍቶ ከፍቶት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑት ይህ ክስተት ዛሬም በዓለም የሥነ ምድር ትምህርት ውስጥ ይጠቀሳል።

በ2017ቱም ተመሳሳይ ልኬት በፈንታሌና በዶፈን መካከል ቅልጥ ዐለት ከመሬት በታች መግባቱን አሳየ። ታኅሣሥ 26 ቀን በሬክተር ስኬል 5.7 የተመዘገበ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ዶፈን ላይ እያጓራ የወጣው ጭስ በየስልኩ «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ተብሎ ተሰራጨ፤ የወጣው ግን እንፋሎት፣ አቧራና ጭቃ እንጂ የቀለጠ ዐለት አልነበረም። ይህ ማለት ሰዎችን ከአካባቢው ማንሳቱ ከንቱ ድካም ነበር ማለት አይደለም፤ ከሥር የገባው ነገር እውነተኛ ነበርና።

ከዚሁ ጋር «ቀይ ባሕር ሊገባ ነው» የሚለው ወሬ ይነሳል። በጂፒኤስ ሲለካ ምድሩ በዓመት የሚለያየው ቢበዛ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዳባሁ 8 ሜትርም ለዘመናት የተጠራቀመ ውጥረት በአንድ ጊዜ ሲፈታ የታየ ነው። አዲስ ውቅያኖስ ቢፈጠርም ሚሊዮን ዓመታት ይፈልጋል።

ሌላው ስህተት «የራሳችን ሳተላይት እያለችን» የሚለው ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጠቀች፤ መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። ነገር ግን በካሜራ የምታነሳ እንጂ ራዳር ያላት አልነበረችም። በአንዱ የምስል ነጥቧ ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ስፋት ያለው መሬት ይጠቃለላል። እንዲህ ያለ ምስል የአፋምቦና የአቤ ሐይቆች ውኃ ሲሸሽ፣ ወይም ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ግጦሹን ሲወርስ ለመከታተል ይበጃል፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ አይሆንም። በየጣራው ባለው ዲሽ የሚታየው ኢትዮሳት ደግሞ የኢትዮጵያ ሳተላይት አይደለም፤ ኤስኢኤስ በተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ሳተላይት ላይ የተጫኑ ጣቢያዎች ስብስብ ነው።

ያቺ የኤስኢኤስ ሳተላይት በእርግጥ አንድ ቦታ ላይ የቆመች ትመስላለች፤ ዲሹን አንዴ ካስተካከሉ በኋላ የማያዞሩትም ለዚህ ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምድር ጋር እኩል ትዞራለች። በዚያ ከፍታ ያሉ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በየ10 እና በየ15 ደቂቃው ምስል ይልካሉ፤ ከርቀታቸው የተነሳ ግን ጥቃቅኑን አይለዩም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ሲጓዝ ክትትል የተደረገበት፣ አብራሪዎችም የተጠነቀቁት በእነዚህ ሳተላይቶች ነው። ለአመድ ፈጣኗ፣ ለመሬት ስንጥቅ ራዳሯ፤ ሁሉን በአንድ የምትሠራ የለችም።

ለመንቀጥቀጡ ጨረቃም ትወቀሳለች። የእኛዋ ጨረቃ በዐለት ላይ ያላት ጉተታ ትንሽ ነው፤ የአፋር ሙቀት የሚመጣው ከምድር ሆድ ነው። በስበት ጉተታ የምትቃጠለው አይኦ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ናት፤ የእሷን የቅልጥ ዐለት ሐይቆች ለመረዳት ተመራማሪዎች ኤርታ ሌ ድረስ መጥተዋል።

እንግዲህ ቀንና ሰዓት ቆርጦ «ናሳ እንዳለው እንዲህ ይሆናል» የሚል መልእክት ስልክዎ ላይ ሲደርስ ለሌላ ከማስተላለፍዎ በፊት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ምን እንዳለ ይመልከቱ። ናሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀን አይናገርም።