ጽንስ በመድኃኒት ከተቋረጠ በኋላ ምን ይበላል? ምንስ ይቆይ?

የወለደች ሴት ምን እንደምትበላ የማያውቅ ቤት በአገራችን የለም። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ጎረቤት ሁሉ ለአራሷ ይሯሯጣል። ጽንስ ያቋረጠች ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለማንም ሳትናገር ሕመሟን ብቻዋን ትችላለች። ደም እየፈሰሳት ልብስ ታጥባለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሥራዋ ላይ ትገኛለች። የምትጠይቀው ሰው ስለሌላትም ከዚህም ከዚያም የሰማችውን ትሞክራለች። ይህ ማብራሪያ ለእሷና ለሚያስታምማት ሰው የተጻፈ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ "ማሕፀን የሚያጥብ" የሚባል ምግብም መጠጥም አለመኖሩ ነው። ማሕፀን የሚጸዳው በመድኃኒቱና በራሱ መኮማተር ነው። የምግብ ሥራ የፈሰሰውን ደም መተካት፣ የወጣውን ውኃ መመለስና አቅም መስጠት ነው። ይህ ከተለየ፣ የሚበላውና የሚቆየው በቀላሉ ይገባል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይከናወናል?

በብዛት የሚሰጡት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። መጀመሪያ የሚዋጠው ሚፌፕሪስቶን፣ ጽንሱ ጸንቶ እንዲቆይ የሚያደርገውን ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ሥራውን ያስቆመዋል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚወሰደው ሚሶፕሮስቶል ደግሞ ማሕፀን እንዲኮማተር ያደርጋል። ቁርጠቱና ደሙ የሚበረቱት ሚሶፕሮስቶል በተወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ከዚያ ደሙ እየቀነሰ ይሄድና በአብዛኛው ከ9 እስከ 16 ቀን ይቆያል፤ ጠብታው እስከ አንድ ወር የሚዘልቅባቸውም ሴቶች አሉ።

ሚሶፕሮስቶል አንጀትንም ያነቃቃል። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ብርድ ብርድ ማለትና ለአጭር ጊዜ ማተኮስ የሚመጡት ከዚህ መድኃኒት ነው፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋሉ። መድኃኒቱን በዋጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከዎት ግን በራስዎ ግምት ደግመው አይውሰዱ፤ የሰጠዎትን የጤና ባለሙያ ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ቀን

ሆድ በተረበሸበት ቀን ብዙ ለመብላት መታገል አያስፈልግም። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መቅመስ ይሻላል። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ የአጃ ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ለዚህ ቀን የሚስማሙ ናቸው። ዝንጅብል በፍል ውኃ ዘፍዝፎ መጠጣት ማቅለሽለሹን ሊያስታግስ ይችላል። ቅባት የበዛበት ወጥና የሚያቃጥል ሚጥሚጣ ሆድ እስኪረጋጋ ቢቆይ ይመረጣል፤ የሚከለከሉት ግን ማቅለሽለሹን ስለሚያብሱ እንጂ ማሕፀንን ስለሚጎዱ አይደለም።

ተቅማጡ ወይም ማስታወኩ ከበዛ ከፋርማሲ ኦአርኤስ ይግዙ፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ይጠጡ። አፍ መድረቅ፣ ሽንት መጥቆርና ሲቆሙ መዞር ፈሳሹ እንዳልበቃዎት ይነግራሉ።

ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌን ከታዘዘልዎት ባዶ ሆድ ላይ አይውሰዱት፤ ጨጓራን ያቃጥላል። ጥቂት ዳቦ ወይም አጥሚት ይቅደመው። አስፕሪንን ግን ለዚህ ሕመም አይጠቀሙበት፤ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል።

ደም የሚተካ ገበታ

ሆድ ከተረጋጋ በኋላ ዋናው ጉዳይ ብረት ነው፤ ብዙዎች አይረን ይሉታል። ቀይ የደም ሕዋስ ያለ ብረት አይሠራም፤ ደም ሲፈስም ብረቱ አብሮ ይፈስሳል። አስቀድሞ ደም ማነስ ለነበረባት ሴት ጉዳቱ ይከፋል።

ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ብረት በሥጋ፣ በጉበትና በዓሣ ውስጥ ይገኛል። በምስር፣ በሽሮ፣ በባቄላ፣ በጎመንና በጤፍ ውስጥ ያለው ብረት ግን አጋዥ ይፈልጋል፤ አጋዡም ቫይታሚን ሲ ነው። ስለዚህ ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ከሽሮው ጋር የቲማቲም ሰላጣ መብላት፣ ከምግብ ጋር ብርቱካን ወይም ፓፓያ መጨመር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ለሥጋ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ቤትም ትንሽ ሥጋ ወጡ ውስጥ መግባቱ የእህሉ ብረት ይበልጥ እንዲወሰድ ይረዳል።

ጤፍ በብረት መበልጸጉ የታወቀ ነው። ነገር ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ጤፉ አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ስለሆነ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን አንቆ ይይዛል። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይመረጣል። እንጀራ ብቻውን ደም ይተካል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

ከብረት ሌላ ፕሮቲን፣ ፎሌትና ቫይታሚን ቢ12 ያስፈልጋሉ። እንቁላልና ወተት ፕሮቲንና ቢ12 ይሰጣሉ፤ ጎመንና ምስር ደግሞ በፎሌት የበለጸጉ ናቸው። የጠፋው ደም በሳምንታት ውስጥ ይተካል፤ የሰውነት የብረት ክምችት እስኪሞላ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ አመጋገቡ ደሙ በቆመ ማግስት መቋረጥ የለበትም።

የአይረን ክኒን ከታዘዘልዎት በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት እንጂ በሻይ፣ በቡና ወይም በወተት አይሁን። ሰገራን ማጥቆሩ አያስደንግጥዎት፤ ከክኒኑ ነው። ድርቀት ካስከተለ ውኃ፣ ፍራፍሬና ተልባ ይረዳሉ።

የሚቆዩና የሚቀሩ ነገሮች

ቡናና ሻይ፦ ክልክል አይደሉም። ሆኖም በውስጣቸው ያለው ታኒንና መሰል ንጥረ ነገር ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ከምሳ ቀጥሎ የሚመጣውን ቡና ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያዘግዩት።

አልኮል፦ ጠላም ይሁን ጠጅ፣ ቢራም ይሁን አረቄ፣ ደሙ እስኪቀንስና የሕመም ማስታገሻው እስኪያልቅ ይቅር። የመድኃኒቱን ሥራ አያፈርስም፤ ነገር ግን ከሰውነት ውኃ ያስወጣል፣ ከአይቡፕሮፌን ጋር ጨጓራን ይጎዳል፣ የአደጋ ምልክት ሲመጣም ልብ እንዳይሉት ያደርጋል።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት፦ ክትፎውም ቁርጡም ለዚህ ሰሞን ይብሰል። ኮሶ ትልና ከጥሬ ምግብ የሚመጣ ተቅማጥ ለደከመ ሰውነት ተጨማሪ ሸክም ናቸው።

የባህል መድኃኒት፦ "የቀረውን ያወጣል" ተብሎ የሚሰጥ ሥርና ቅጠል፣ በተለይም እንዶድና ኮሶ፣ በፍጹም አይወሰድ። መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ የሚያመጣው ሕመምም ከመድኃኒቱ ጠባይ ጋር ተቀላቅሎ ሐኪምን ያሳስታል።

ቀዝቃዛ ውኃስ? "ብርድ ይመታል" ተብሎ ብዙ ቢፈራም ማሕፀንን አይጎዳም። ሞቅ ያለ ውኃ በላስቲክ ወይም በጨርቅ ሆድ ላይ ማድረግ ግን ቁርጠቱን ያስታግሳል።

ጾም ላይ ከሆኑ

የጾም ምግብ ደም አይተካም ማለት አይደለም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ጎመን ከሎሚ ጋር ጥሩ ገበታ ናቸው። የሚጎዳው ለረጅም ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ነው። ደም በብዛት የሚፈስሳት ሴት ታማሚ ናት፤ በክርስትናም ሆነ በእስልምና ለታመመ ሰው የጾም ሥርዓቱ ራሱ ማረፊያ ሰጥቶታል።

ምግብ የማይፈታቸው ምልክቶች

ቀጥሎ ካሉት አንዱ ከታየ አጥሚት እየጠጡ መጠበቅ አይገባም፤ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• በሰዓት ሁለት ትልልቅ ሞዴሶችን የሚያርስ ደም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከፈሰሰ፤
• ሚሶፕሮስቶል ከተወሰደ ከአንድ ቀን በኋላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለ፤
• መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ከታየ፤
• በማስታገሻ የማይለቅ ወይም ወደ አንድ ጎን ያደላ የሆድ ሕመም፣ ወይም የትከሻ ጫፍ ሕመም ከተሰማ፤
• ራስ መሳት፣ ኃይለኛ የልብ ምት ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፤
• ሚሶፕሮስቶል ተወስዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ምንም ደም ካልታየ።

የጎን ሕመምና የትከሻ ጫፍ ሕመም ጽንሱ ከማሕፀን ውጪ እንደነበረ ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ መድኃኒቱ ይህን አያክመውም።

ከመጀመሪያው ወር አበባ በፊትም ማርገዝ እንደሚቻል አይዘንጋ፤ ዕንቁላል ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊለቀቅ ይችላል። የብረት ክምችት ሳይሞላ ዳግም ማርገዝ ደም ማነሱን ያብሳል። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መድኃኒቱን የሰጠዎትን የጤና ባለሙያ ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ከውርጃ በኋላ የሚደረግ ሕክምና ደግሞ ሕይወት የማዳን ሥራ ነው፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎችም ይሰጡታል። ስለዚህ ደሙ ከበዛ "ምን ይሉኝ ይሆን?" ብለው አይቆዩ። የወሰዱትን መድኃኒትና የወሰዱበትን ሰዓት ሳይደብቁ ይናገሩ፤ በትክክል ለመታከም የሚረዳዎ እሱ ነው።