ዝም ያለው ፖሊስ

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ነገር ግን በገንዘብ የሚሸጥ ዝምታም አለ፤ ይኸውም የገዛውን ሲያስደስት የሸጠውን እንቅልፍ ይነሣዋል።

የፈረንሳይ የሲኒማ ሐያስያን በ1946 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከአሜሪካ የመጡትን፥ ጥላና ጨለማ የበዛባቸውን የወንጀል ፊልሞች «ፊልም ኗር» ብለው ሰየሟቸው፤ ትርጓሜውም «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው። በነዚህ ፊልሞች የሚወድቀው ሁልጊዜ ሌባው አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የሚወድቀው ሕግ እንዲያስከብር የተሾመው፥ በወር ደመወዝ የሚተዳደረው ፖሊስ ነው።

ከነዚህ አንዱ በ1954 የወጣው፥ ዶን ሲገል ያዘጋጀውና «የግል ሲኦል 36» የተባለው ፊልም ነው። ካል ብሩነርና ጃክ ፋርናም የሎስ አንጀለስ መርማሪ ፖሊሶች ናቸው። አንድ ወንጀለኛ ሲያሳድዱ መኪናው ተገልብጦ ሰውዬው ይሞታል፤ የያዘውም ገንዘብ ይበተናል። ብሩነር 80,000 ዶላር ወደ ኪሱ ይከታል። ባልንጀራው ፋርናም ያያል፥ ይቃወማል፥ በመጨረሻ ግን ዝም ይላል። ሚስትና ሕፃን ልጅ አለው፤ ጓደኛውንም አሳልፎ መስጠት ከበደው። ገንዘቡ የተደበቀበት በመኪና የሚጎተት ቤት ቁጥሩ 36 ነበርና የፊልሙ ስም ከዚያ መጣ።

አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ፋርናም አልሰረቀም። ሆኖም የሚሠቃየው እርሱ ነው። መጠጥ ያዘወትራል፥ ከሚስቱ ዐይን ይሸሻል። ብሩነር ግን ገንዘቡን የሚያጠፋባትን ቆንጆ ዘፋኝ እያሰበ ይደሰታል። በመጨረሻ ሁለቱም አለቃቸው በዘረጋው ወጥመድ ይገባሉ።

እርግጥ፥ መናገርም ዋጋ ያስከፍላል። ፍሪትዝ ላንግ በ1953 ባዘጋጀው «ታላቁ ሙቀት» በተባለው ፊልም መርማሪው ባኒየን የከተማውን የወንጀል አለቃና ከእርሱ ገንዘብ የሚቀበሉትን ፖሊሶች አልተውም በማለቱ ሚስቱን በፈንጂ ያጣል፤ የፖሊስነት ምልክቱንም ያስረክባል። እንግዲህ ፊልሞቹ ቀና ሰው ሁልጊዜ ይመቸዋል ብለው አይዋሹም።

ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እንዳለችው እንደ መርሳ ባለ ከተማ፥ ጸሐፊው፥ ገንዘብ ያዡና የትራፊክ ፖሊሱ በአንድ ዕድር የሚገናኙ ጎረቤታሞች ናቸው። እዚያ ፈተናው 80,000 ዶላር ሆኖ አይመጣም። «የሻይ» ተብሎ፥ በመዝገብ መካከል ታጥፎ ይመጣል። በጎን ጠረጴዛ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ያያል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሲሰማ ያደገ ነውና ነገሩ ልማድ ይመስለዋል። ደግሞስ የልጅነት ጓደኛውን፥ ወይም ጋሼ የሚለውን ታላቁን እንዴት ይከስሳል?

ሕጉ ይህን ችግር አልዘነጋውም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጠቋሚዎችንና የወንጀል ምስክሮችን ለመጠበቅም አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጣ። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍ አይከፍትም፤ አፉን የሚከፍት ሰውዬው ራሱ ነው።

ፋርናም ለመናገር ከሁሉ የቀለለው ሰዓት የመጀመሪያው ነበር፤ ገንዘቡ ገና ከብሩነር ኪስ ሳይወጣ። «ተው፥ መልሰው» ቢልና ቢጸና ኖሮ ጓደኛውንም ባዳነ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረው እያንዳንዱ ሌሊት ዋጋውን ጨመረበት። የጎን ጠረጴዛ ጓደኛችን የሻይ ሲቀበል ያየን እንደ ሆነ፥ ያ የመጀመሪያው ሰዓት በእጃችን ነው።