ሺዕራ፦ ጌታ ያለው ኮከብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ልጅ ለመዳር ሲታሰብ በብዙ ቤት «ኮከባቸው ይገጥማል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አንዳንዱ ለአነጋገር ያህል ይለዋል፤ ሌላው ግን የልጆቹንና የእናቶቻቸውን ስም ይዞ ወደ ኮከብ ቆጣሪ ይሄዳል። በዲናቸውና በጠባያቸው የተስማሙ ወጣቶች በዚህ ሰበብ ሲለያዩ አይተናል። ስለዚህ ዛሬ አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ውስጥ በስሙ ስለጠቀሰው አንድ ኮከብ እንነጋገራለን።

ኮከቡ ሺዕራ ይባላል፤ ፈረንጆች ሲሪየስ ይሉታል። በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ እርሱ ነው። በጥርና በየካቲት ምሽት ሦስት ከዋክብት በአንድ መስመር ተሰልፈው ታያላችሁ። መስመሩን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብትከተሉ በነጭ ብርሃን የሚንቦገቦገውን ሺዕራን ታገኛላችሁ።

ዐረቦች በሙሉ ስሙ «አሽ-ሺዕራ አል-ዐቡር» ይሉታል። ዐቡር «ተሻጋሪዋ» ማለት ነው። በተረታቸው ሱሀይል የሚባለው ኮከብ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ሁለት እህቶቹ ተከተሉት። አንዷ ፍኖተ ሐሊብ የተባለውን የሰማይ ነጭ ጎዳና ተሻገረች፤ ሌላዋ መሻገር አቅቷት ዓይኗ እስኪደክም አለቀሰች ይላሉ። ሲሪየስ የሚለው ስም ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የሚያቃጥል» ማለት ነው። ኮከቡ ተሰውሮ ከርሞ ንጋት ላይ ብቅ የሚለው በሙቀት ወራት ስለነበር፣ ሙቀቱን ያመጣው እርሱ መሰላቸው።

የጥንት ግብፆችም ሶፕዴት ብለው እንደ አምላክ ያዩት ነበር። ንጋት ላይ በታየ ሰሞን ዓባይ ይሞላላቸዋልና። የሙላቱ አብዛኛው ውሃ ግን አላህ በኛ ሀገር ደጋዎች ላይ በክረምት ያወረደው ዝናብ ነበር። ኮከቡ ወቅቱን አመለከተ እንጂ አንዲት ጠብታ አልጨመረም።

በጃሂሊያ ዘመን ከዐረቦች የኹዛዓ ጎሳ ሺዕራን ያመልክ እንደነበር ሙፈሲሮች ይነግሩናል። በሱረቱ-ን-ነጅም 49ኛው አንቀጽ ላይ አላህ የሺዕራም ጌታ እርሱ መሆኑን አስታወቀ። የሚመለክ መስሏቸው የነበረው ኮከብ ራሱ ጌታ ያለው ፍጡር ነው!

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በሁደይቢያ ሌሊቱን ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ዝናቡን ከአላህ ችሮታ ያደረገ በአላህ አማኝ መሆኑን፣ ከኮከብ ያደረገ ግን በአላህ መካዱን አስተምረዋል።

የዘመኑ ዕውቀትም ይህንኑ ያጎላልናል። በ1844 (እ.ኤ.አ.) ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ሺዕራ በጉዞው ወዲያና ወዲህ እንደሚል ተመልክቶ የማይታይ ጓደኛ እንዳለው ተናገረ። በ1862 አልቫን ግራሃም ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ደብዛዛ ጓደኛ በመነጽር አየው። ሌላ አካል የሚስበው ኮከብ የማንን ዕጣ ይወስናል?

ከዋክብትን ማወቅ አልተከለከለም። በየብስና በባሕር ጨለማ መንገድ እንዲመሩን አላህ እንዳደረጋቸው ቁርኣን ይነግረናል። የተከለከለው ምልክቱን ባለቤት ማድረግ፣ ሩቅን ነገር ከእርሱ መጠየቅ ነው።

እናቶችና አባቶች! ልጅ ስትድሩ ስለ ዲኑና ስለ ጠባዩ ጠይቁ፤ ሽማግሌ አማክሩ፤ ሁለት ረከዓ ሰግዳችሁ ኢስቲኻራ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለሺዕራ ጌታ ተዉት። አላህ ከሺርክ ይጠብቀን። አሚን።